ፊታቸውን ያዞሩ ቅጠሎች

ኅዳር 4

እታለም፣

እንደምን ከረምሽ? ጉልበትሽስ እንዴት ነው? ያ ጭጋጋም ከተማሽ ዘንድሮም ፀሐይ እየተበደረ ነው የሚኖረው ወይስ ራሱን ችሏል? እኔ አለሁ። ደህና ነኝ ብልሽ ትስቂብኛለሽ፣ አሞኛል ብልሽ ደግሞ እንቅልፍ ታጫለሽ፤ ስለዚህ አለሁ ብቻ ብዬ ልለፈው።

ስልክ ለምን እንደማላነሳ ጠይቀሽኛል። ጆሮዬን ታውቂዋለሽ፤ ሠላሳ አራት ዓመት ከከባድ መኪና ሞተር ጋር ሲጨቃጨቅ ኖሮ በመጨረሻ ተሸንፏል። ሌላም ምክንያት አለኝ፣ እሱን ግን ለሌላ ቀን ላቆየው። ደብዳቤ ይሻለኛል። ያልገባኝን ደግሜ አነበዋለሁ፣ ማንም አይቆጣኝም።

ዛሬ የምጽፍልሽ ለልመና ነው። ባለፈው ሳምንት ከቁም ሳጥኑ አናት ላይ ካፖርቴን ላወርድ ስንጠራራ የባለቤቴ ቅርጫት እላዬ ላይ መጣ። ካረፈች ወዲህ የነካው ሰው ያለ አይመስለኝም። ውስጡ ለልጃችን ለሚጢጢ የጀመረችው የኪሮሽ ብርድ ልብስ አለ፤ ግማሹ ተሠርቷል፣ ግማሹ ገና ክር ነው። ከሱ ጋር አንድ ዓይነት የሆነ የትራስ ልብስም አለ፣ ፊቱ አልቆ ጀርባው የቀረ። የኪሮሹ መርፌ ቀለበቱ ውስጥ እንደተሰካ ነው። በር ተንኳኩቶባት ልትከፍት ብድግ ያለች ነው የሚመስለው።

ልጄ ሃያ ስድስት ዓመት ሞልቷት እኔ አሁንም ሚጢጢ ነው የምላት። በመጋቢት አጋማሽ ወደ ተራራው የአየር ጠባይ መመዝገቢያ ጣቢያ ትሄዳለች። ሁለት ዓመት ሙሉ ነፋስና ዝናብ እየለካች ልትኖር ነው። ብርዱ አጥንት ይሰብራል ይላሉ። ሳትሄድ ይህን ብርድ ልብስ ጨርሼ ላለብሳት እፈልጋለሁ።

ሳቂ፣ ፈቅጄልሻለሁ። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ እንደሆነ አውቃለሁ። ግን ባለቤቴን ኪሮሽ ያስተማርሻት አንቺ ነሽ፣ በተጋባንበት ዓመት። እኔንም አስተምሪኝ። እያንዳንዷን ነገር እንደ መኪና መመሪያ አድርገሽ በወረቀት አስፍሪልኝ። የተጻፈ መመሪያ ስከተል ተሳስቼ አላውቅም።

ወንድምሽ

—

ኅዳር 19

ወንድም ጋሼ፣

ደብዳቤህ የደረሰኝ መጽሐፍ የምንጠርዝበት ክፍል ውስጥ እጄ ሙጫ እንደሆነ ነው፤ ስለዚህ አንዱ ጥግ ተጣብቆ ተቀዷል፣ ይቅርታ። ፀሐይን ስለመበደር ላነሳኸው፣ ዘንድሮ አበዳሪውም ጠፍቷል። ጭጋጉ ጠዋት ከሐይቁ ይነሳና ደረጃውን ቀስ ብሎ ወጥቶ መስኮቴ ላይ ይቀመጣል። ጀልባዎቹን አላያቸውም፣ ደወላቸውን ብቻ ነው የምሰማው። አንዳንድ ቀን ከተማው ራሱ ትናንት ማታ ሄዶ እኔን የረሳኝ ይመስለኛል።

ሌላውን ምክንያት አልጠየቅኩህም። ሆድህ ሲሞላ ራሱ ያወራል።

አልሳቅኩብህም። የሚጢጢ እናት ያን ጊዜ ፊት ለፊቴ በርጩማ ላይ ተቀምጣ፣ እጄን እያየች እያየች በሦስት ቀን ነው የያዘችው። አንተ እጄን ማየት ስለማትችል ቃሌን ማመን አለብህ። እንግዲህ እንዲህ ነው፦

ኪሮሹን በግራ እጅህ ያዝ፣ እርሳስ እንደሚያዝ። ክሩን በቀኝ እጅህ ሌባ ጣት ላይ አንድ ጊዜ አዙረህ በቀሩት ጣቶችህ ጠበቅ አድርገው። ኪሮሹን ቀለበቱ ውስጥ ታስገባለህ፣ ክሩን ትጠልፋለህ፣ ስበህ ታወጣለህ። ይህ ሰንሰለት ነው። ሌላው ሁሉ የዚህ ልጅና የልጅ ልጅ ነው። ክሩን አታንቀው፤ መሪ እንደምትጨብጥ አትጨብጠው፣ የትም አይሄድብህም።

ቅጠሎቹን በሌላው ወረቀት ላይ ቁጥር በቁጥር አስፍሬልሃለሁ። ከኔ የተማረችው ንድፍ ነው፤ እያንዳንዱ ቅጠል ወደ ጎን ዘንበል ይላል። በአንዱ ረድፍ ቅጠል ትሠራለህ፣ በመልሱ ረድፍ ዝም ብለህ ትሄዳለህ። መጀመሪያ በሌላ ክር ተለማመድ። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይባላል፤ አንተ ደግሞ ከልጅነትህ ቸኳይ ነህ።

እህትህ

—

ታኅሣሥ 12

እታለም፣

ወረቀትሽ ጠረጴዛው ላይ ጥግና ጥጉ በብሎን ተጭኖ ፊት ለፊቴ ነው። የመጀመሪያውን ሳምንት የቋጠርኩት ክሩን ሳይሆን ራሴን ነው። እጄ አልታዘዝ አለኝ፣ ጣቶቼ ከጎረቤት የተዋስኳቸው መሰሉኝ። ሕመሙ እስከ ትከሻዬ ይዘልቃል። ኪሮሽ የሚሠራ ሰው ሁሉ ይህን ችሎ ነው ለካ ብዬ አከበርኳችሁ። ጎረቤቶች እንደሚነግሩኝ ባለቤቴ እያወራችና እየሳቀች ነበር የምትሠራው። እኔ ትንፋሼን ይዤ ነው።

አሁን ግን መንገድ ይዣለሁ። ባለፈው ሐሙስ የኔ የመጀመሪያ ረድፍ በሷ የመጨረሻ ረድፍ ላይ ተቀጠለ። ተነስቼ ክፍሉን ሦስት ጊዜ ዞርኩት።

ከሚጢጢ ጋር እንዴት እንደሆንን ልንገርሽ፣ ደህና ነን። እሑድ እሑድ ዳቦ ይዛ ትመጣለች። ስኒዎቹን ታጥባለች፣ መስኮቱን ትከፍታለች፣ የመድኃኒቴን ፍሬ ትቆጥራለች። “አባዬ፣ ምን ጎደለህ?” ትለኛለች። ምንም አልጎደለኝም እላታለሁ። ከዚያ ጫማዋን ታስራለች። የሆቴል እንግዳ እንኳ ከዚህ ይበልጥ ያወራል።

ያቆየሁትን ምክንያት ልንገርሽ። ባለቤቴ ስትታመም ሐኪሙ ገና ጊዜ አለ ብሎን ነበር። እኔም ይህ የመጨረሻ ጉዞዬ ነው ብያት ጭነት ይዤ ወጣሁ። ስትሞት ገና መንገድ ላይ ነበርኩ፣ እየተመለስኩ። አጠገቧ የነበረችው ሚጢጢ ብቻዋን ናት። አራት ጊዜ ደውላልኛለች። አልሰማሁም። ስደርስ በሩ ላይ ሰው ቆሞ ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ ስልክ ሲጮህ ከክፍሉ እወጣለሁ።

ሚጢጢ ለምን አላነሳህም ብላ አንድ ቀን እንኳ አልጠየቀችኝም። እኔም እናትሽ እንዴት ነበረች ብዬ አልጠየቅኳትም። መልሱን እፈራለሁ፣ እታለም። ይኸው ሁለታችንም ሆድ ይፍጀው ብለን ዳቦ እንቆርሳለን።

ስለዚህ አስቤበታለሁ። ብርድ ልብሱን ስሰጣት እናትሽ ጨርሳው ነው ያረፈችው እላታለሁ። ከኔ እጅ የመጣ ነገር ትታ ልትሄድ ትችላለች፤ ከእናቷ እጅ የመጣውን ግን አትተወውም። የኔ ረድፍ ከሷ ረድፍ መለየት የለበትም ማለት ነው። እስኪያልቅ የምደብቀው በመኪናው መሣሪያ ሳጥን ውስጥ ነው፤ እሷ እንደሆነች ያንን ሳጥን አትከፍትም።

ወንድምሽ

—

ጥር 2

ወንድም ጋሼ፣

በመሃል የላክሃት አጭር ወረቀትም ደርሳኛለች። ክሩ ይበቃሃል፣ የሚጢጢ እናት ሁልጊዜ አትርፋ ነው የምትገዛው። ቀለሙ ዝናብ ሊጥል ያለ ሰማይ ይመስላል ያልከው ትክክል ነው፤ ልጇ ሰማይ እንደምታይ አውቃ የመረጠችው ይመስለኛል። እባክህ ከመሣሪያ ሳጥኑ አውጣው። ግሪስ ከሸተታት እናቷ ጋራዥ ትሠራ ነበር ልትላት ነው?

ረጅሙን ደብዳቤህን አንብቤ ሁለት ቀን ሥራ አልሆነልኝም። የአንድ መጽሐፍ ገጾች አዛብቼ ጠርዤ አለቃዬ በትዕግሥት አስፈታኝ። አራቱን ጥሪ አላውቅም ነበር። ሐዘን ላይ በመጣሁ ጊዜ ለምን እንደዚያ ዝም እንዳልክ አልገባኝም ነበርና በልቤ ቀዝቃዛ ሰው ብዬህ ነበር። ይቅር በለኝ።

የነገርከኝን ዕቅድ ግን አልወደድኩትም። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል፤ ይህን አባባል ስንቅ ይዞ መንገድ ለኖረ ሰው እኔ አልተረጉምለትም። ለሁለት ዓመት የምትሄድ ልጅ ላይ ይህን ጭነህ ልትልካት ነው? ደግሞም ያ ብርድ ልብስ ውስጥ ያንተም እጅ አለ። የራስህን እጅ ለምን ትሰርቃለህ?

እኔ ብሆን የምለው ይህን ነው፣ አንተ ብትሆን ግን የምታደርገውን ታደርጋለህ። ልጄ ስላልሆነች ቀላል ነው አፌ ላይ።

ትራሱ ላይ አሁን አትፍጠን። ጀርባውን ስትጨርስ ላክልኝና ልየው፣ ፊቱን ግን ከቤት አታውጣው። የፖስታ ነገር አይታወቅም።

ጭጋጉ ዛሬ ሰላም ብሎሃል።

እህትህ

—

ጥር 20

እታለም፣

ስለ ውሸቱ ያልሽውን አንብቤያለሁ። አልተቆጣሁም። እያኘክሁት ነው።

አሁን የምነግርሽ ሌላ ነው። ከምሳ በኋላ መስኮቱ አጠገብ ቁጭ ብዬ ስሠራ ዓይኔ ሳይከደን ሕልም ይመጣብኛል። ረድፉ ይረዝማል፣ ይረዝምና መንገድ ይሆናል። ያ ሜዳ መንገድ፣ ግራና ቀኙ ሣር ብቻ የሆነው። እኔ እነዳለሁ። ባለቤቴ አጠገቤ ባለው ወንበር ላይ ተቀምጣለች። በሕይወቷ አንድ ቀን እዚያ ወንበር ላይ ተቀምጣ አታውቅም፣ ግን አሁን ቤቷ ነው የሚመስለው። ብርድ ልብሱን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ ትሠራለች። የክሩ ጥቅል እግሯ ሥር እየተንከባለለ ነው። ዞር ብዬ እጇን ለማየት እፈልጋለሁ፤ መንገዱ ግን ዓይኔን አይለቀውም። ወደፊት እያየሁ ልክ ነኝ ወይ እላታለሁ። የምትስቅ ይመስለኛል። ስነቃ ስድስት ረድፍ ተሠርቷል፣ አንድም ስሕተት የለበትም። እንዲህ ዓይነት ነገር ይገጥማችኋል እናንተን?

ከእንግዲህ ብዙ አልቀረኝም። ዘርግቼ ሳየው ደስ ይላል። እሷ ካቆመችበት ላይ ደግሞ ቅጠሎቹ ፊታቸውን አዙረዋል። የሷ ቅጠሎች ወደ በሩ ያዘነበሉ ናቸው፣ ከኔ ረድፍ ጀምሮ ያሉት ወደ መስኮቱ። ንድፉ ከመሃል ሲያልፍ እንዲህ ነው የሚያደርገው ብዬ አላስጨነቀኝም፤ ቁጥሩን አንድ በአንድ ተከትያለሁ። የትራሱን ጀርባ በዚህ ፖስታ ልኬልሻለሁ። እውነቱን ንገሪኝ፣ አታባብዪኝ።

ሚጢጢ ባለፈው እሑድ ቁም ሳጥኑን አየት አድርጋ ቅርጫቱ የት ሄደ አለችኝ። መኝታ ቤት ነው አልኳት። ጫማዋን አስራ ሄደች።

ወንድምሽ

—

የካቲት 6

ወንድም ጋሼ፣

ፖስታውን ከፍቼ የትራሱን ጀርባ መሥሪያ ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋሁት። መጀመሪያ የመሰለኝ ድሮ የሠራሁት የራሴ ሥራ የሆነ ቦታ ዞሮ ዞሮ የተመለሰልኝ ነው። ቅጠሎቹ ወደኔ ወገን ነው የሚያዘነብሉት። በዓለም ላይ ያን ቅጠል ወደዚያ የማዘነብል እኔ ብቻ ነበርኩ።

ኪሮሹን በየትኛው እጅህ ነው የያዝከው?

እንዳትመልስልኝ፣ አውቄዋለሁ። ደብዳቤውን በልቤ ደግሜ አነበብኩት። “በግራ እጅህ ያዝ” ብዬ ጽፌልሃለሁ። እኔ ግራኝ ነኝ። አንተ አይደለህም። ሥራ የሚሠራው እጄ ግራው ስለሆነ፣ ስለ ሥራ ስጽፍ ግራ ብዬ ጻፍኩ እንጂ ስላንተ እጅ ለቅጽበት አላሰብኩም። የሚጢጢ እናትን ሳስተምር ይህ ነገር አልገጠመንም፤ ፊት ለፊቴ ስለነበረች በመስታወት እንደምታይ ሆኖ በቀኟ ወጣላት። ከንድፉ የመጣ አይደለም የቅጠሎቹ መዞር። የሷ ቀኝ እጅና ያንተ ግራ እጅ ነው።

መጀመሪያ ሳቅኩ። አንድ የስድሳ ሦስት ዓመት ሰው፣ ከሁለት ወር በላይ፣ በማይጽፍበት እጁ። አለቃዬ ምን ሆነሽ ነው ብሎ መጣ። ልነግረው ስጀምር አለቀስኩ። እጅህ ነው ያሳዘነኝ። እምቢ እንዳለህ ጽፈህልኝ ነበር፣ እኔ ግን ለምን ብዬ አልጠየቅኩህም።

ደግሞ ሳስበው አንድ ነገር አልገባኝም። ሠላሳ ዓመት አብራችሁ ስትኖሩ ባለቤትህ ኪሮሽ ስትሠራ አላየሃትም? በየትኛው እጇ እንደምትይዝ?

ይህን ከጻፍኩ በኋላ ልሰርዘው ፈልጌ ነበር። አልሰረዝኩትም።

ጥፋቱ የኔ ነው። ዕቅድህ እንዳልሆነልህም ይገባኛል፤ መጋጠሚያው ከሩቅ ይታያል።

እህትህ

—

የካቲት 15

እታለም፣

በግራ ነው፣ አዎ። ሥራው እንደዚያ መስሎኝ ነው። መመሪያ ግራ ካለ ግራ ነው።

ላልሰረዝሽው ጥያቄ መልሱ አላየኋትም ነው። ከወር ሃያ ቀን መንገድ ላይ ነኝ። ስመጣ የመኪናውን ድምፅ ከመታጠፊያው ትሰማና ሥራውን ቅርጫት ውስጥ ትከተዋለች። ለምን አትሠሪም ስላት አንተ ስትኖር አንተን ነው የማየው ትለኝ ነበር። እኔ ደግሞ ደክሞኝ እተኛለሁ። ያለቀውን አይቻለሁ እታለም፤ የወንበር ልብስ፣ የጠረጴዛ ዳንቴል፣ የሕፃን ኮፍያ። ሲሠራ ግን አላየሁም። የገዛ ሚስቴን እጅ አላውቀውም። ይህን ባንቺ ደብዳቤ ነው ያወቅሁት።

ሌላም ነገር አለ። ትንሽ ሆነሽ እናታችን በቀኝሽ እንድትጽፊ ግራ እጅሽን ከወንበሩ ጋር በሻሽ ስታሳስር፣ አሳሪው እኔ ነበርኩ። አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር ብዬ አላመካኝም። ታለቅሺ ነበር፤ ምን ያስለቅሳታል፣ በዚያኛው አትይዝም እንዴ እል ነበር። ይኸው ሦስት ወር ሊሞላኝ በዚያኛው ይዤ አየሁት። ኩባያ ስታነሺ እንኳ እጅሽ ይጠላሻል። ሰውን በገዛ ቤቱ እንግዳ አድርጎ ማኖር ነው። በድዬሻለሁ። ሃምሳ ዓመት ዘግይቼም ቢሆን ይቅር በዪኝ።

አሁን ምን ላድርግ? ብርድ ልብሱ ሊያልቅ አራት ረድፍ ቀርቶታል። ሚጢጢ መጋቢት አሥራ ሦስት ትሄዳለች። የኔን ሁሉ ተርትሬ በቀኜ ልጀምር? ትናንት አንድ ረድፍ ተርትሬ ሞከርኩ። ቀኝ እጄ ማርሽ እንጂ ክር አያውቅም፤ እንደ ሕፃን ጽሑፍ ሆነብኝ። ካልተረተርኩ ደግሞ እናትሽ ጨርሳዋለች ማለት አልችልም። የኔ ነው ካልኳት ትታው ትሄዳለች ብዬ እፈራለሁ።

ወንድምሽ

—

የካቲት 24

ወንድምዓለም፣

ፖስተኛው ጋ ሮጬ ነው ይህን የምሰጠው፣ ስለዚህ አጭር ነው።

ተቀይሜህ አላውቅም ብልህ እዋሻለሁ። ተቀይሜህ ነበር፣ ብዙ ዓመት። ግን አንድ ነገር ረስተሃል። ቋጠሮህ ልል ነበር። እናታችን ወደ ጓዳ ስትገባ እጄን አውጥቼ ስጽፍ አንተ ግድግዳውን ታያለህ። እርምጃዋን ስትሰማ ታስላለህ፣ እኔም እጄን እመልሳለሁ። ይህን ሳስታውስ ቂሜ አለቀብኝ፣ ለመንገር ግን አፈርኩ። ይቅር ብዬሃለሁ፤ ቀድሞ ነው ይቅር ያልኩህ።

ስለ መተርተሩ፦ በሁለት ሳምንት ተኩል፣ በቀኝህ፣ ቀንና ሌሊት ሳትል ከሠራህ ይደርሳል። እውነቱን ከጠየቅከኝ ይደርሳል። እኔም የቻልኩትን ላግዝህ መምጣት እችላለሁ። ከዚያ የፈለግከውን ትላታለህ።

ወይም አራቱን ረድፍ ጨርሰህ ትዘረጋላታለህ። እግዜር ሳይደግስ አይጣላም ይባላል፤ ይህ ስሕተት ምን እንደደገሰልህ እኔ አላውቅም፣ የምታውቀው ስትዘረጋው ነው። እሷ ትታው ብትሄድ የሚሆነውንም አላውቅም። ያን ቀን እኔ አልኖርም፣ የምትኖረው አንተ ነህ።

የትራሱን ጀርባ መልሼልሃለሁ። አንዲት የክር ቀለበት አልነካሁም።

እህትህ

—

መጋቢት 13

እታለም፣

ሄደች። ጠዋት በመጀመሪያው አውቶቡስ ሸኝቻት አሁን መመለሴ ነው። የነበረውን በቅደም ተከተል ልጻፍልሽ፣ አለዚያ ሕልም መስሎ ሊጠፋብኝ ነው።

አልተረተርኩም። አራቱን ረድፍ በግራዬ ጨረስኩ፣ የትራሱን ፊትና ጀርባ ሰፋሁ። ትናንት ከሰዓት በኋላ ልትሰናበተኝ ስትመጣ አልጋው ላይ ዘርግቼው ጠበቅኋት። ክፍሉ ውስጥ ፀሐይ ገብቶ ነበር። ቃሌን ስደረድር ነው የዋልኩት።

ብዙ ቆማ አየችው። ከዚያ ጎንበስ ብላ በጣቷ ከእናቷ በኩል ጀምራ ቅጠሎቹን ተከተለች። መሃል ስትደርስ ቆመች።

“እዚህ ጋ ነፋሱ ዞሯል” አለች።

የሷ ሥራ ነው፣ ነፋስ ማየት። እኔም የዞረው ነፋስ እኔ ነኝ አልኳት። ከዚያ ወዲያ ያለውን የሠራሁት እኔ ነኝ፣ በግራ እጄ፣ በስሕተት። እናትሽ እስከዚህ ነው ያደረሰችው። እናትሽ ጨርሳዋለች ልልሽ አስቤ ነበር፣ ሐሳቤን ቀየርኩ አልኳት። ሁሉንም ነገርኳት እታለም፤ አንቺን እንዴት እንዳስቸገርኩሽ፣ እጄን እንዴት እንዳመመኝ፣ የእናቷን እጅ እንደማላውቀው።

“የት እንዳቆመች አውቃለሁ፣ አባዬ” አለችኝ። “ከእጇ ተቀብዬ ቅርጫቱን ቁም ሳጥኑ ላይ ያወጣሁት እኔ ነኝ። ጨርሳዋለች ብትለኝ ኖሮ ይህን በር ዳግመኛ አልረግጠውም ነበር።”

አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። ዓመት ሙሉ ያልጠየቅኩትን የጠየቅኋት ያን ጊዜ ነው። የመጨረሻዋ ቀን እንዴት ነበረች? እኔን ጠየቀች ወይ?

አልጠየቀችም አለችኝ። የት እንዳለሁ ታውቅ ነበር። ከጠዋት ጀምሮ እናቷ ሰዓቱን እያየች የኔን መንገድ ትነግራት ነበር። አሁን ትልቁን ድልድይ አለፈ። አሁን ዳገቱ ላይ ነው፣ ሞተሩ ይጮህበታል፣ መስኮቱን ይዘጋዋል። አሁን ከጥዶቹ ሥር ገባ። እዚያ መንገድ ላይ አንድ ቀን እንኳ ሄዳ የማታውቅ ሴት፣ እታለም። ሠላሳ ዓመት ስመጣ የማወራላትን ሁሉ ቆጥራ ይዛው ኖሯል። እኔ የሷን አንድ እጅ አላውቅም፤ እሷ የኔን መንገድ ኩርባ በኩርባ ታውቀዋለች።

መጨረሻ ላይ ነዳጅ ማደያው ጋ አድርሳኛለች። አሁን ቆሞ ሻይ ይጠጣል፣ ይረፍ ትንሽ፣ አለች። ከዚያ ዓይኗን ከደነች። ሚጢጢ ስልኩን ያነሳችው ያን ጊዜ ነው።

“አራት ጊዜ ደወልኩልህ” አለችኝ። “ሻይህን እየጠጣህ ዝም ያልከኝ መሰለኝ።”

ይህን ይዛ ነው ዓመቱን ሙሉ ዳቦ ስታመጣልኝ የኖረችው። እናቷ በፍቅር ያለችውን እሷ እንደዚያ ሰምታው፣ እኔ ባላነሳ ጊዜ እውነት ሆኖባት።

ያን ቀን አልቆምኩም አልኳት። በሠላሳ አራት ዓመት ማደያውን ሳልቆም ያለፍኩት ያን ቀን ብቻ ነው። ወደ እናንተ እየቸኮልኩ ነበር። ሞተሩ እየጮኸ ነበር፣ አልሰማሁም። ቆሜ ቢሆን ኖሮ እሰማሽ ነበር።

ብዙ አላለቀሰችም። ትራሱን አቅፋ አጠገቤ ተቀመጠች። ቆየት ብላ ስለዚያ ቀን የቀረውን ነገረችኝ፤ እሱን ላንቺም አልጽፈውም፣ የሁለታችን ይሁን። ብርድ ልብሱን ሻንጣዋ ውስጥ አስገባች፣ ትራሱ አልገባ ብሎ በእጇ ያዘችው። ሊመሽ ሲል ጫማዋን ታስራለች ብዬ ስጠብቅ ወደ ጓዳ ገባች። እሳቱን ስትለኩስ፣ ጀበናውን ትታ ማንቆርቆሪያውን ስታወርድ ሰማኋት፤ በዚህች ደካማ ጆሮዬ ሰማኋት። ሻይ አፍልታ አመጣችልኝ፣ ለራሷም ቀዳች። ተቀምጬ ጠጣሁት።

ወንድምሽ